ደካማ ጥጃን ማጥባትና መጋት ለየቅል ናቸው

መግቢያ

እንደሚታወቀው ሰሜን ሸዋ ሲነሳ ቀድሞ ትዝ የሚለን በግ ነው። የመንዝ በግ ስሙ ከአገር አገር የታወቀ ነው፤ የደብረ ብርሃን የበግ ማባዣ ማዕከልም እ.ኤ.አ. በ1967 ከተቋቋመ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። በእኛም ክፍል ቢሆን ተማሪው የጥናት ርዕስ ሲመርጥ በግ በግ ይላል። ስለ ጥጃ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው፤ ያውም ደክሞ ስለተወለደ ጥጃ።

እኔ ያደግሁት በአንኮበር በኩል ከብት ባለበት ቤት ነው። ለተግባር ልምምድም በደብረ ብርሃን ዙሪያ የወተት ላም ካላቸው ቤተሰቦች ጋር ሰንብቻለሁ። በመሆኑም በዚህች አጭር ጽሑፍ፣ ታሞ ወይም ደክሞ የተወለደ ጥጃ በሰው እጅ እንዴት እንደሚመገብ በክፍል የተማርነውን በአካባቢው ከማየው ጋር እያገናዘብኩ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ነገሩ ባጭሩ ይኸው ነው፦ ደካማ ጥጃ የሚሞተው ወተት ጠፍቶ ብቻ አይደለም። ብርድ ይቀድመዋል፣ እንገሩ ይዘገይበታል፣ ወይም ደግሞ ወተቱ በማይገባበት መንገድ ይገባበታል። ሦስቱንም ለመከላከል ከገንዘብ ይልቅ እውቀትና ፍጥነት ያስፈልጋል።

የጥጃ ሞት የማን ኪሳራ ነው?

የሐበሻ ላም ጥጃዋ አፉን ጡቷ ላይ ካላሳረፈ ወተቷን አትሰጥም። ለዚህም ነው አላቢው መጀመሪያ ጥጃውን ለቆ ትንሽ ካስጠባ በኋላ አስሮ የሚያልበው። ጥጃው ሲሞት ቆዳውን ገፍፎ፣ ገለባ ሞልቶ ፊቷ ማቆም የቆየ ዘዴ ነው፤ ላሟ እሱን እየላሰች ትታለባለች። አንዳንዷ ግን አትታለልም፤ ትነጥፋለች። ስለዚህ በገጠሩ ቤት ጥጃው ሞተ ማለት ወተቱም፣ ቅቤውም፣ አይቡም ቀረ ማለት ነው።

በፈረንጅ ዲቃላ ላም ደግሞ ጉዳዩ ይለያል። ያለ ጥጃም ስለምትታለብ ጥጃው የወተት ተሻሚ ሆኖ ይታያል። በተለይ ወንድ ከሆነ «ወተት ከመፍጀት በቀር ምን ይፈይዳል?» ይባላል። ሴቷ ግን የነገ ጊደር ናት፤ ዲቃላ ጊደር ገበያ ላይ እንዴት እንደምትወደድ ለዚህ ቡለቲን አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ወንዱም ቢሆን አድጎና ደልቦ ይሸጣል። በሁለቱም በኩል ብናየው የጥጃ ሞት የቤቱ ኪሳራ ነው።

ጥጃ ለምን ደክሞ ይወለዳል?

አንደኛው ምክንያት የእናቱ ረሃብ ነው። ጽንሱ በአብዛኛው ክብደት የሚጨምረው በመጨረሻዎቹ ሁለትና ሦስት ወራት ነው። ይህ ጊዜ ከጥር እስከ ግንቦት ከሚኖረው የመኖ እጥረት ጋር ሲገጥም፣ በተለይ በልግ በቀረበት ዓመት፣ ላሟ ጭድ ብቻ እየበላች ትወልዳለች። ጥጃዋ ቀላል፣ እንገሯም ጥቂት ይሆናል።

ሁለተኛው አስቸጋሪ ምጥ ነው። ትንሽ የሐበሻ ላም ከትልቅ ኮርማ ዘር ስትዳቀል ጥጃው ይገዝፍባታል። ምጡ ሲረዝም ጥጃው አየር ያጥረዋል፤ አንዳንዴም ምላሱ አብጦ ይወጣል። እንዲህ ያለው ጥጃ መቆምም መጥባትም ያቅተዋል።

ሦስተኛው ብርድ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር ውርጭ ይጥላል። አዲስ የተወለደ ጥጃ ደግሞ የአካባቢው ሙቀት ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ጀምሮ ሙቀቱን ለመጠበቅ ተጨማሪ ጉልበት ማቃጠል ይጀምራል። በሰውነቱ ይዞት የሚወለደው ስብ ጥቂት በመሆኑ ካልጠባ በቶሎ ያልቅበታል። እርጥብ ከሆነ ደግሞ ይብስበታል። በአንኮበር አፋፍ ጉምና ካፊያው ራሱ ጥጃውን አያደርቀውም። ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ሲወረድ ግን አየሩ ቆላ ስለሆነ ከብርዱ ይልቅ የሚያሳስበው ሙቀቱና እትብቱ ላይ የሚያርፈው ዝንብ ነው። ስለዚህ በአንድ ወረዳ ውስጥ እንኳ ለሁሉም ጥጃ አንድ ዓይነት ምክር አይሠራም።

መጀመሪያ ሙቀት

«ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት» ይላል ያገራችን ሰው። ላም ጥጃዋን መላሷ እንዲሁ ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ታደርቀዋለች፣ ታነቃቃዋለች፣ እንዲነሳም ትገፋፋዋለች። ጥጃው ደካማ ከሆነ ግን የሷ ምላስ ብቻ አይበቃውም፤ የሰው እጅ መጨመር አለበት።

ከአፉና ከአፍንጫው ላይ ልጋጉን ጠርጎ፣ በጎኑ ሳይሆን በደረቱ አስተኝቶ፣ በንጹሕ ጭድ ወይም በደረቅ ጆንያ ጠንከር አድርጎ ማሸት ይገባል። ከተማችን በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች ናትና ያረጀ ብርድ ልብስ ከቤት አይጠፋም፤ ጥጃው ከደረቀ በኋላ በሱ መሸፈን ነው። ሙቅ ውኃ የያዘ ጀሪካን በጨርቅ ጠቅልሎ ጎኑ ማድረግም ይረዳል። ብዙ ቤት ጥጃውን ምድጃ ዳር ያስጠጉታል፤ ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን የኩበት ጭስ ለደከመ ሳንባ አይስማማም። ሙቀቱ ይድረሰው፣ ጭሱ ግን ይራቀው።

የጤነኛ ጥጃ የሰውነት ሙቀት በፊንጢጣ ሲለካ ከ38.5 እስከ 39.5 ዲግሪ ነው። ቴርሞ ሜትር በሌለበት ጣትን አፉ ውስጥ አስገብቶ ማየት ይቻላል፤ አፉ ከቀዘቀዘ ጥጃው በጣም ተጎድቷል ማለት ነው። ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በታች ከወረደ መዋጥም ሆነ ወተቱን መፍጨት ያቅተዋል። ስለዚህ ጭንቅላቱን ከውኃ በላይ ይዞ ከ38 እስከ 40 ዲግሪ በሞቀ ውኃ ውስጥ ማቆየት፣ ቀጥሎም ደህና አድርጎ ማድረቅ ያስፈልጋል። ሰውነቱ ሲሞቅ የመጥባት ፍላጎቱ ብዙ ጊዜ አብሮ ይመለሳል። በዚሁ መሐል እትብቱን አዮዲን ውስጥ መንከር አይረሳ።

እንገር የማን ነው?

እዚህ ላይ ከባህላችን ጋር ትንሽ እንጋጫለን። እንገር ተቀቅሎ የሚበላ፣ ለጎረቤትም የሚላክ የደስታ ምግብ ነው። ከዚህ ሌላ «እንገር ሲበዛ ጥጃ ያስቀምጣል» የሚል አባባል አለ። አንዲት እናት ደግሞ «ልጄ፣ እንግዴ ልጁ ሳይወርድ ጥጃው ከጠባማ እዚያው ይቀርባታል» ብለውኛል። ነገሩ በተቃራኒው ነው። ጥጃው ጡቷን ሲስብ በላሟ ደም ውስጥ ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን ይለቀቃል፤ ይህም ወተቱን ከማውረዱ በላይ ማሕፀኗ እንዲኮማተር ያደርጋል። ስለዚህ «እማማ፣ ቶሎ መጥባቱማ ለርሷም ይረዳታል» አልኳቸው። እንግዴ ልጁ እስኪወርድ ተብሎ ግማሽ ቀን ከተጠበቀ ለጥጃው ትልቁ ዕድል አልፏል።

ለምን ቢባል፣ የሰው ልጅ ገና በማሕፀን ሳለ ከእናቱ ደም የተወሰነ የበሽታ መከላከያ ይቀበላል። የላም እንግዴ ልጅ ግን ይህን አያሳልፍም። ጥጃ የሚወለደው ያለ መከላከያ ነው ማለት ይቻላል፤ ከእናቱ የሚያገኘውም በእንገሩ ነው። የጥጃው አንጀት እነዚህን መከላከያዎች እንዳሉ ወደ ደም የሚያሳልፈው ደግሞ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። ችሎታው ከተወለደበት ሰዓት ጀምሮ ይቀንሳል፤ ከ6 ሰዓት በኋላ በጣም ይዳከማል፤ በ24 ሰዓት ገደማ ይዘጋል። ነገ የሚሰጠው እንገር ምግብ ይሆነዋል እንጂ የዛሬውን አይተካም።

በምግብነቱም ቢሆን እንገር ከተራ ወተት ይበልጣል። በወተት ውስጥ ውኃ ያልሆነው ክፍል ከ12 እስከ 13 በመቶ ሲሆን በመጀመሪያው እንገር ውስጥ ግን እጥፍ ያህል ነው። ማስቀመጡም ቢሆን በልኩ ሲሆን ጥቅም አለው፤ በአንጀቱ ያለውን የመጀመሪያ ጥቁር አይነ ምድር ያስወጣለታል።

እንገር ለጥጃ ፈጽሞ አይፈላም። ስንቀቅለው እንደሚረጋ ሁላችንም እናውቃለን፤ የሚረጋው ፕሮቲኑ ነው፣ መከላከያዎቹም ፕሮቲን ናቸው። ከቀዘቀዘ ዕቃውን ሙቅ ውኃ ውስጥ አስቀምጦ ማሞቅ ነው፤ ውኃው ግን ከ50 ዲግሪ ባይበልጥ ይመረጣል። እናቱ ከሞተች ወይም ጡቷ ከታመመ በዚያው ቀን ከወለደች ሌላ ጤነኛ ላም ማምጣት ይቻላል። ማቀዝቀዣ ያለው የከተማ አርቢ ደግሞ ከደህና ላም የተረፈውን አቀዝቅዞ ቢያስቀምጥ ለክፉ ቀን ይሆነዋል። በአጠቃላይ ደንቡ «መጀመሪያ ለጥጃው፣ የተረፈው ለቤት» ቢሆን ከጎረቤትም አያጣላም።

ማጥባት እንጂ መጋት አይደለም

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ጥጃው አልጠባ ሲል ብዙ ጊዜ የሚደረገው መጋት ነው። አንዱ ሰው ጭንቅላቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ይይዛል፤ ሌላው በጠርሙስ ወይም በቅል በአፉ ጎን ያንቆረቁራል። ለትልቅ በሬ መድኃኒት ሲጋት የኖረው በዚሁ መንገድ ስለሆነ ሰው ለጥጃም ያደርገዋል። የደከመ ጥጃ ግን መዋጡ ደካማ ነው፤ አንገቱ ሲቀና ደግሞ ወተቱ በአየር ቧንቧው ወደ ሳንባ ይወርዳል።

ክፋቱ፣ ጥጃው ሁልጊዜ ወዲያው አለመሞቱ ነው። ዛሬ ተግቶ «ጠጣልን» ተብሎ ደስ ይላል፤ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ማለክለክና ማሳል ይጀምርና ይሞታል። ያን ጊዜ «ብርድ መታው» ይባላል። በሞቱና በመጋቱ መካከል ቀናት ስላለፉ መጋቱን የሚጠረጥር የለም። በዚህ የተነሳ ልማዱ ሳይነቀፍ ይቀጥላል።

ሌላም ምክንያት አለ። ጥጃ ጡት ሲስብ ከጉሮሮው በታች ያለ ቦይ ይታጠፍና ወተቱ ትልቁን ጨጓራ አልፎ በቀጥታ ወደ አራተኛው ክፍል፣ አቦማሰም ወደሚባለው፣ ይገባል። ወተት በደንብ የሚፈጨው እዚያ ነው። ይህን ቦይ የሚዘጋው በዋናነት የመጥባቱ ስሜት ነው። ሲንቆረቆርበት ግን ቦዩ በደንብ ላይዘጋ ይችላል፤ ወተቱም ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ይቀራል።

ስለሆነም አጠባቡ በቅደም ተከተል እንደሚከተለው ነው፦

1. እጅን በሳሙና ታጥቦ ጣትን አፉ ውስጥ ማስገባት። ጣቱን ከሳበ ለጡጦ ዝግጁ ነው። ካልሳበ ላንቃውን ቀስ ብሎ ማሸትና ጥቂት ጠብታ እንገር ምላሱ ላይ ማድረግ።

2. ጥጃውን ማቆም፤ ካልቻለ በደረቱ አስተኝቶ እግሮቹን ከሥሩ ማጠፍ። በጎኑ እንደተኛ አይጠባም።

3. አንገቱን ከእናቱ ጡት ሲጠባ በሚሆነው መጠን ብቻ ወደ ፊት ዘርጋ ማድረግ። አፍንጫው ከዓይኑ በላይ ከፍ ካለ በዛ ማለት ነው።

4. እንገሩን በሰውነቱ ሙቀት ልክ፣ 38 ወይም 39 ዲግሪ ማድረግ። ለሕፃን እንደሚደረገው በእጅ አንጓ ላይ ጠብ አድርጎ ለብ ማለቱን ማየት ይበቃል።

5. ጡጦው ሲገለበጥ ጠብ ጠብ ይበል እንጂ አይፍሰስ። «እንዲፈጥን» ተብሎ ቀዳዳውን በቢላ ማስፋት መልሶ መጋት ነው።

6. ካሳለ፣ ከተንተፋተፈ ወይም ወተት በአፍንጫው ከወጣ ወዲያው ማቆም፣ ጭንቅላቱን ዝቅ ማድረግ፣ ማሳረፍ።

በባልዲ የሚለማመድ ከሆነ ደግሞ ሁለት ጣት ወተቱ ውስጥ ከትቶ ጥጃው ጣቱን እየሳበ እንዲጠጣ ማድረግ፣ ሲለምድ ጣቱን ቀስ በቀስ ማውጣት ነው።

ምንም ያህል ቢሞቅና ቢሞከር ካልሳበስ? ያን ጊዜ በምግብ ቧንቧው በሚገባ ቱቦ ይሰጠዋል። ይህ ግን የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው። ቱቦው ከአፉ እስከ ክርኑ ይለካል፤ በምላሱ ላይ ቀስ ብሎ ይገባል፤ አንገቱ በእጅ ሲዳሰስ ቀለበት ቀለበት ከሚለው የአየር ቧንቧ ሌላ ሁለተኛ ቧንቧ መገኘት አለበት። ሁለተኛው ካልተገኘ ቱቦው ሳንባ ውስጥ ነውና ይውጣ። ወተቱ በራሱ ክብደት ይውረድ እንጂ አይገፋ፤ ሲወጣም ቱቦው ይታጠፍ። በዚህ መንገድ የሚሰጠው መጀመሪያ ወደ ትልቁ ጨጓራ ቢገባም በአዲስ ጥጃ ላይ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ወደ ታች ስለሚያልፍ እንገር ከማጣት ይሻላል። በተግባር ትምህርት ጊዜ ተማሪው ሁሉ ይህን በእጁ ዳስሶ ቢያውቅ መልካም ነው።

ምን ያህል? በስንት ሰዓቱ?

በመጀመሪያው ቀን ጥጃው የክብደቱን 10 በመቶ ያህል እንገር ማግኘት አለበት። 20 ኪሎ የሚመዝን የሐበሻ ጥጃ 2 ሊትር፣ 30 ኪሎ የሆነ ዲቃላ 3 ሊትር ማለት ነው። ክብደቱን ለማወቅ አንድ ሰው ጥጃውን አቅፎ ሚዛን ላይ ይወጣና የራሱን ይቀንሳል፤ የወፍጮ ቤት ሚዛንም ይሠራል። መስፈሪያ ለሌለው፣ አንድ የለስላሳ ጠርሙስ 300 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። ስለዚህ የ20 ኪሎው ጥጃ ድርሻ ሰባት ጠርሙስ ግድም ነው።

ጤነኛው ጥጃ ይህን በሁለት ጊዜ ይጨርሰዋል። ደካማው ግን አይችልም፤ አንድ ወይም አንድ ተኩል ጠርሙስ በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ መስጠት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው በተወለደ በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ ግማሹ ደግሞ በስድስት ሰዓት ውስጥ መግባት አለበት። ላሟ ማታ ከወለደች ሌሊቱን መነሳት ግድ ነው። «ይንጋና እናየዋለን» የተባለለት ጥጃ ነግቶም ብዙ ጊዜ አይተርፍም። ከሁለተኛው ቀን በኋላም በቀን የክብደቱን 10 በመቶ ያህል ወተት ከፋፍሎ መስጠት፣ በውርጭ ጊዜ ደግሞ ከዚያ ጨመር ማድረግ ይገባል።

ተቅማጥ ሲመጣ

እንገር ያልደረሰው ወይም የዘገየበት ጥጃ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ተቅማጥ ይይዘዋል። ብዙ ሰው «ወተቱ ነው ያስቀመጠው» ብሎ ወተት ይከለክለዋል። ጥጃው ግን የሚጎዳው ውኃና ጨው ከሰውነቱ ሲወጣ ነው፤ ወተት ሲከለከል ደግሞ ረሃብ ይጨመርበታል። ስለዚህ ወተቱ በትንሽ በትንሹ ይቀጥላል፤ በወተቱ መካከል ደግሞ የጠፋው ፈሳሽ ይተካል። ለእንስሳት የተዘጋጀ ካልተገኘ ከመድኃኒት ቤት የሚሸጠውን ኦ.አር.ኤስ. በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በጥብጦ፣ ለብ አድርጎ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር መስጠት ለጊዜው ይረዳል። ከወተት ጋር ግን አይደባለቅም።

የአንገቱ ቆዳ ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ከሁለት ሴኮንድ በላይ ከቆየ፣ ዓይኑም ከጎደጎደ ፈሳሽ አጥሮታል። መቆምና መጥባት ካቃተው በአፍ የሚሰጠው አይበቃውምና የእንስሳት ሐኪም ይጠራ። በቤት የተቀመጠ የቴትራሳይክሊን እንክብል መስጠትም ሁልጊዜ መፍትሔ አይሆንም፤ የጥጃ ተቅማጥ መንስኤው ብዙ ጊዜ ቫይረስ ወይም ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል ተሕዋስ ነውና። ይህ ተሕዋስ ወደ ሰውም ይተላለፋል፤ ጥጃ የሚያጠቡ ልጆች እጃቸውን በሳሙና እንዲታጠቡ አጥብቆ መንገር ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተገለጸውን ሁሉ በሌሊት ተነስቶ የሚሠራው ማን ነው? እኔ ባየሁት ቤት ሁሉ እናትየዋና ልጆቹ ናቸው። ስለ ከብት እርባታ ሥልጠና ሲጠራ ግን በአብዛኛው የሚመጡት አባወራዎች ናቸው። ጋሼ ሥልጠናውን ሰምተው ሲመለሱ ስለ መኖና ስለ ማዳቀል ይነግሩ ይሆናል፤ የጡጦው ቀዳዳና የአንገቱ አያያዝ ግን እግረ መንገድ የሚነገር አይደለም፤ በእጅ መታየት አለበት። ስለዚህ ለተግባር ልምምድ የምንወጣ ተማሪዎች ጥጃ የማጥባቱን ነገር በቀጥታ ለእማወራዋና ለልጆቹ፣ እዚያው በረቱ ውስጥ ብናሳይ ትርፉ ብዙ ነው።

ሌላው ሐሳቤ ለክፍላችን ነው። በልምምድ መዝገባችን ላይ የጥጃው ጾታና ክብደት ይመዘገባል። ሦስት ነገር ብንጨምርበት ደስ ይለኛል፦ የተወለደበት ሰዓት፣ መጀመሪያ እንገር ያገኘበት ሰዓት፣ የጠባው መጠን። ከዚያም ጥጃው በወሩ በሕይወት መኖር አለመኖሩን ብንከታተል፣ በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ጥጃ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅና ይህም ምን እንደሚያስከፍለው በራሳችን ቁጥር መናገር እንችላለን። እስከዚያው ግን የተማርነውን ለሚጠይቀን ሰው በአንድ ቃል ልንነግረው እንችላለን፦ አሙቀው፣ ቶሎ አጥባው፣ አትጋተው።